ፎቶግራፍና ስም

የሰው ልጅ ከሌላው ፍጥረት ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ ያለፈውን ላለመርሳት የሚያደርገው ድካም ነው። ለሞተው ሐውልት ያቆማል፤ የተደረገውን በመጽሐፍ ይጽፋል፤ ልጁን በራሱ ስም ያስጠራል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ፤ ደግሞም «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። እነዚህን ሁለት ምሳሌዎች ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃቸዋለን፤ ነገር ግን በእጃችን ባለው ነገር ላይ ስንሠራባቸው አንታይም። በእጃችን ያለ ነገር የምለውም በየቤታችን በሣጥን፣ በአልበምና በግድግዳ ላይ የሚገኘውን ፎቶግራፍ ነው።

እስኪ፣ ወጣቶች ሆይ፣ የቤታችሁን አልበም አውጡና ገልጣችሁ ተመልከቱ። የቅርብ ጊዜዎቹን ፎቶግራፎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ይህች እናታችሁ ናት፤ ይህ አጎታችሁ ነው። ወደ አሮጌዎቹ ስትደርሱ ግን ነጠላዋን ያጣፋች ሴት፣ ምርኩዙን ይዞ በወንበር የተቀመጠ ሽማግሌ፣ እጁን በጓደኛው ትከሻ ላይ የጣለ ጎረምሳ ታያላችሁ፤ ማን እንደ ሆኑ ግን አታውቁም። ፎቶግራፉን ገልብጣችሁ ጀርባውን ብታዩት ምንም አልተጻፈበትም። እነዚህ ሰዎች የሥጋ ዘመዶቻችሁ ናቸው፤ ነገር ግን በመንገድ ከሚያልፍ እንግዳ ሰው ለእናንተ የተለዩ አይደሉም። ፎቶግራፍ ፊትን ይጠብቃል እንጂ ስምን አይጠብቅም። በዚህ ጽሑፍ ልነግራችሁ ያሰብሁት ይህንኑ ነው፤ የምነግራችሁም ዕድሜያቸውን በሙሉ የሞጆን ሕዝብ ፎቶግራፍ ሲያነሡ ከኖሩ ከአንድ ሰው ሥራ ተነሥቼ ነው።

ሞጆን ለማያውቃት ጥቂት ልንገር። ከአዲስ አበባ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ አዳማ ሳይደርሱ የምትገኝ የሉሜ ከተማ ናት። ከጂቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በእርስዋ በኩል ያልፍ ነበር። ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ የሚወርደው አውራ ጎዳናም ከአዳማው መንገድ የሚለየው እዚሁ ነው። ኋላም የቆዳ ፋብሪካዎች ተተክለውባታል፤ ዛሬ ደግሞ ደረቅ ወደቡ የከባድ መኪና ሰልፍ ያበዛባታል። እንደዚህ ያለች የመንገድ መገንጠያ ከተማ ሰው የሚመጣባትና ሰው የሚሄድባት ናት። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የባቡሩ ሠራተኛ፣ እህሉን በአህያ ጭኖ የመጣው ገበሬ፣ ሱቅ የከፈተው ዐረብ፣ ሁሉም በአንድ ገበያ ይገናኙ ነበር። መሄድና መምጣት በበዛበት ስፍራ ደግሞ ፎቶግራፍ ቅንጦት አይደለም። የሚሄደው ለሚቀረው የሚተወው፣ የሚቀረውም ለሚሄደው የሚሰጠው እርሱን ነው።

የኒያ ሰው ፎቶ ቤት ከጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ነበረ። ስማቸውን በዚህ ጽሑፍ አላነሣም፤ በሕይወት ሳሉ በአደባባይ መወደስን አይወዱም ነበርና ቤተሰቦቻቸውም ይህንኑ እንዳከብር ጠይቀውኛል። እኛ ልጆች «ጋሽ ፎቶ» እንላቸው ስለ ነበር እኔም እንደዚሁ እላቸዋለሁ። በሞጆ ያደገ ሰው ማንን እንደምል ያውቃል።

ፎቶ ቤቱ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ አንድ ክፍል ነበረ። በፊተኛው ወገን ሐይቅ፣ ዘንባባና አውሮፕላን የተሣለበት ሸራ በግድግዳው ላይ ተወጥሯል። ከሸራው ፊት አንድ ወንበር፣ ከወንበሩ አጠገብ አንድ መስተዋት፣ ከመስተዋቱ ጋርም በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ አለ። በምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ከረባት ተሰቅለው ነበር። ኮቱ የማን ልክ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ለቀጭኑ ሰው ከኋላው በመርፌ ቁልፍ ይያዝለታል፤ ለወፍራሙም ሳይቆለፍ ይለበሳል። ስለዚህ የዚያን ዘመን የሞጆን ወንዶች ፎቶግራፍ አሰባስቦ ለተመለከተ ሰው ግማሹ ሕዝብ አንድ ኮት ለብሶ ይታየዋል።

ከመጋረጃው በስተ ኋላ ጨለማው ክፍል ነበረ። በዚያ ከአንዲት ቀይ አምፑል በቀር ብርሃን አይገባም። የዛሬ ወጣቶች ይህን ሥራ አላያችሁትምና በአጭሩ ላስረዳ። ፊልም ብርሃን ሲነካው የሚለወጥ የብር ጨው የተቀባበት ነው። ካሜራው ለአንድ አፍታ ሲከፈት ከሰውየው ፊትና ልብስ የሚመለሰው ብርሃን በፊልሙ ላይ ያርፋል፤ ነገር ግን መልኩ ወዲያው አይታይም። ፊልሙ በጨለማ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ሲታጠብ ብርሃን ያረፈበት ይጠቁራል፤ በሌላም መድኃኒት ሲነከር ብርሃን ያልነካው ጨው ተጠርጎ ይሄዳል። ስለዚህ በፊልሙ ላይ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩም ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ነጌቲቭ የሚባለው ይህ ነው። በነጌቲቩ በኩል ብርሃን ወደ ወረቀት ሲያልፍ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ እውነተኛው መልክ ይወጣል። እንግዲህ ወረቀቱ ቢቀደድም፣ ቢጠፋም፣ ነጌቲቩ ካለ ፎቶግራፉ አልሞተም ማለት ነው።

ጋሽ ፎቶ ይህን ያውቁ ነበርና አንድም ነጌቲቭ አይጥሉም። እያንዳንዱን በትንሽ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ከትተው ቁጥር ይሰጡታል። ከዚያም ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ትልቅ መዝገብ ይከፍቱና ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የሰውየውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ይጽፋሉ፤ ከዳርም ፎቶግራፉ ስለ ምን እንደ ተነሣ ያመለክታሉ። «ለስምንተኛ ክፍል ፈተና»፣ «ለመታወቂያ»፣ «ከሠርጉ ማግሥት»፣ «ወደ ሐረር ሲሄድ ለእናቱ»፣ «ልጃቸው አርባ ቀን ሲሞላት» የሚሉ ነበሩበት። መዝገቡን ገጽ በገጽ ያነበበ ሰው የአንዲት ከተማ ሕዝብ እንዴት እንደ ተወለደ፣ እንደ ተማረ፣ እንደ ተጋባና እንደ ተለያየ ይማርበታል።

አንድ ቀን «ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ፤ ሰዎቹን ሁሉ ያውቋቸው የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ፎቶግራፉ ግን ከእኔ ይልቅ ይቆያል። ፊት ይመሳሰላል ልጄ፤ ስም ከነአባቱ ሲጻፍ ግን አይመሳሰልም» ብለው መለሱልኝ።

ደግሞ ሌላ ልማድ ነበራቸው። አንድ ጊዜ አንዲት ባለጸጋ እመቤት ከነልጆቻቸው መጥተው ተነሡ፤ ሕፃኑን ታቅፋ ከዳር የቆመችው ሞግዚቷ ነበረች። ጋሽ ፎቶ የሁሉንም ስም ከጻፉ በኋላ «የእርስዋስ ስም ማን ነው?» አሉ። እመቤቲቱ ሳቁና «እርስዋ እንኳ ሠራተኛ ናት» አሉ። እሳቸውም ብዕራቸውን እንደ ያዙ ወደ ልጅቱ ዘወር ብለው «ስምሽ ማን ነው እኅቴ? የአባትሽስ?» ብለው ጠየቋት፤ የነገረቻቸውንም ከሌሎቹ ጋር በአንድ መስመር ላይ ጻፉት። በፎቶግራፉ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በመዝገቡ ላይ አለ፤ ሕጋቸው ይህ ነበረ።

ይህ ሕግ ትንሽ እንዳይመስላችሁ የፎቶግራፍን ታሪክ መለስ ብላችሁ ተመልከቱ። ይህ ጥበብ በፓሪስ ከተማ በይፋ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው፤ ወደ አገራችን ለመድረስም ብዙ አልዘገየም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመጣው ሚሲዮናዊ ሄንሪ ስተርን ካሜራ ይዞ ነበር። በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦርም ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች ነበሩት። በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደውን ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁን ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ አንሥታዋለች፤ ያዘነው ፊቱም እስከ ዛሬ ይታያል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም የአባታቸውን ሙያ ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሠሩ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተነሡትን ፎቶግራፎች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1996 በመጽሐፍ አሳትመዋል።

እነዚህ ሁሉ ትልቅ ባለውለታዎች ናቸው። ነገር ግን በቀድሞዎቹ ፎቶግራፎች ላይ ማን በስሙ እንደ ተጠራና ማን እንዳልተጠራ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ንጉሡ፣ ልዑሉ፣ ራሱ በስማቸው ይጠራሉ። ጋሻ የያዘው ወታደር፣ እንስራ ያዘለችው ሴት፣ በቅሎ የሚስበው ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ «አንድ ወታደር» ወይም «አንዲት የሐበሻ ሴት» ተብለው ቀርተዋል። በእኔም ላይ የደረሰ ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተነሣነው አንድ የክፍል ፎቶግራፍ አለ። ከሥሩ የፈረንጁ መምህር ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል፤ ከእርሱ ቀጥሎ «ከአገሬው ልጆች ጋር» ይላል። ያ መምህር ደግ ሰው ነበረ፤ የሁላችንንም ስም በቃሉ ያውቅ ነበር። ነገር ግን በቃሉ የነበረው ከእርሱ ጋር ሄደ፤ በጽሑፍ የቀረው «የአገሬው ልጆች» የሚለው ብቻ ነው።

እንግዲህ ስምን መጻፍ ሁልጊዜ መልካም ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። የስም መዝገብ ለበጎም ለክፉም ይሆናልና። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በአገራችን ላይ የወረደውን መከራ ታላላቆቻችሁ ነግረዋችኋል። በዚያን ጊዜ ሥልጣን የያዙ ሰዎች አንድ ማታ ወደ ፎቶ ቤቱ መጥተው የሚፈልጉትን የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ እንዲያወጡላቸው ጋሽ ፎቶን አዘዟቸው። እሳቸውም «እኔ ነጌቲቭ አላስቀምጥም፤ ባለቤቱ ከወሰደ በኋላ እጥለዋለሁ» አሉ። በዚያው ሌሊት መዝገቦቹን በጆንያ ጠቅልለው በጎታ ውስጥ ከጤፉ በታች ቀበሯቸው። እስኪያልፍ ድረስም ስሞቹን የሚጽፉት በቁራጭ ወረቀት ላይ ነበር፤ ቁራጮቹንም ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ጋር ቀላቅለው ያስቀምጧቸው ነበር። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሐሰት ተናግረዋልና በደለኛ ናቸው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን በኦሪት ዘፀአት የተጻፉትን ሁለት አዋላጆች አስባለሁ። ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች እንዲገድሉ ሲያዝዛቸው አልታዘዙትም፤ ለምን እንዳልገደሉ ሲጠይቃቸውም እናቶቹ እኛ ሳንደርስ ይወልዳሉ ብለው መለሱለት። ልብ ማለት የሚገባው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በዚያ ታሪክ የአዋላጆቹ ስም ሲፓራና ፉሐ ተብሎ ተጽፏል፤ የታላቁ ንጉሥ ስም ግን አልተጻፈም። ጋሽ ፎቶ መዝገቡን የሰው አደራ አድርገው ያዩት ነበር፤ አደራም ለባለቤቱና ለወገኑ ይሰጣል እንጂ ለሚያጠፋው አይሰጥም።

የመዝገቡን ጥቅም በዓይኔ ያየሁት መምህር ሆኜ ወደ ሞጆ በተመለስሁበት በ1971 ዓ.ም. ነው። ከትምህርት በኋላ አንዳንድ ቀን ከፎቶ ቤቱ በራፍ ተቀምጠን እናወጋ ነበር። በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሉሜ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው በእግር ደረሱ። ጥቁር ለብሰዋል። ልጃቸው በኦጋዴን ጦር ሜዳ መውደቁ ተረድቷቸው ነበር። እንደምታውቁት በአገራችን ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶግራፍ በእጅ ተይዞ፣ በደረት ታቅፎ ይለቀስበታል። በተለይ ሬሳው ወደ አገሩ ላልተመለሰ ሰው ፎቶግራፉ እንደ ሬሳው ይሆናል። እኒህ እናት ግን በቤታቸው የልጃቸው ፎቶግራፍ አልነበራቸውም። በኦሮምኛ ሲናገሩ፣ ልጁ ተማሪ ሳለ ለፈተና ፎቶግራፍ ያስፈልገኛል ብሎ አንዲት ዶሮ ሸጦ ወደ ሞጆ መሄዱ ትዝ ይላቸው እንደ ነበር ገለጹ። ከዚያ በቀር ምንም የሚያውቁት ምልክት የለም።

ጋሽ ፎቶ በኦሮምኛ «ስሙን ከነአባቱ ይንገሩኝ እናቴ» አሏቸው። ከዚያም መዝገቦቹን አንድ በአንድ አወጡ። ልጁ ስምንተኛ ክፍል የነበረበት ዓመት በእርግጥ አይታወቅም ነበርና የሦስት ዓመት መዝገብ በጣታቸው መስመር እየተከተሉ አነበቡ። እኛ ሁላችን ዝም ብለን ቆመን ነበር። ሲመሽ፣ ፋኖሱ ከበራ በኋላ፣ ጣታቸው በአንድ መስመር ላይ ቆመ። ስሙ ከነአባቱና ከነአያቱ፤ «ለስምንተኛ ክፍል ፈተና»። ፖስታውን በቁጥሩ ፈልገው አወጡት።

ፎቶግራፉ ሦስት በአራት ጉርድ ብቻ ነበረ። ጋሽ ፎቶ ያን ሌሊት ጨለማው ክፍል ገብተው በትልቅ ወረቀት ላይ አሳድገው አጠቡት። በማግሥቱ ማለዳ እናቲቱ ሲመጡ ሰጧቸው። ምን እንዳደረጉ አልጽፍም፤ እናት ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሲረጋጉ ግን የጠየቁትን ነገር ልንገራችሁ። «ስሙ ከፊት ለፊት ይጻፍበት» አሉ። አንደኛዋ ጎረቤት «እርስዎ ማንበብ አይችሉ፤ ለምን ይሆንዎታል?» ብትላቸው፣ «እኔ አልችልም፤ የሚያነብ ሰው ግን ይመጣል» አሉ። ጋሽ ፎቶም በነጭ ቀለም፣ በመልካም የእጅ ጽሕፈታቸው ጻፉበት። ገንዘብ አልተቀበሉም።

እንግዲህ አስቡት። በሣጥኖቹ ውስጥ የነበሩት ጉርድ ፎቶግራፎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሁሉም ልጆች ፀጉራቸውን አበጥረው ፊት ለፊት የሚያዩ ናቸው። ስሙ በመዝገብ ባይጻፍ ኖሮ የዚያ ልጅ ፊት በሣጥኑ ውስጥ እያለ እናቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው ይህን ነገር ይረዳዋል። በዚያ በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የሟቾች ፊቶች ስትመለከቱ፣ ፎቶግራፎቹ በተነሡበት ቀን ለሙዚየም ይሆናሉ ብሎ ያሰበ እንዳልነበረ ይገባችኋል።

በሌላው ዓለም የሆነውም ይህንኑ ያስተምራል። በማሊ አገር በባማኮ ከተማ ሴይዱ ኬይታ የተባለ ሰው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1948 ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ ሰፈር ፎቶ ቤት ከፍቶ የከተማውን ሰዎች በሚያምር ልብሳቸው ሲያነሣ ኖረ፤ ነጌቲቮቹንም በጥንቃቄ ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከሥራዎቹ ጥቂቶቹ በኒው ዮርክ ለሕዝብ ሲታዩ ግን የተጻፈባቸው «ያልታወቀ ፎቶግራፍ አንሺ» የሚል ነበረ። ሰውየው በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበረ፤ በገዛ ከተማውም ይኖር ነበር። ከዚያ በኋላ ተፈልጎ ተገኘና እ.ኤ.አ. በ2001 ከመሞቱ በፊት ስሙ በዓለም ታወቀ። እርሱ ያነሣቸው ሰዎች ግን የብዙዎቹ ስም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሥራቸው በታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅሎ ያለ ስም ይታያሉ።

በአሜሪካም በአርካንሶ ግዛት፣ ሄበር ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ማይክ ዲስፋርመር የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ የአካባቢውን ገበሬዎች ሲያነሣ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1959 ሞተ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የፎቶ ቤቱን ዕቃ የከተማዪቱ ሰው በአምስት ዶላር ገዛው፤ ሦስት ሺህ ያህል የመስተዋት ነጌቲቮችም በዚህ ዕድል ዳኑ። አንድ ሰው በዚያን ቀን አምስት ዶላር ባያወጣ ኖሮ የዚያች ከተማ ሰዎች ፊት ሁሉ ወደ ቆሻሻ ይጣል ነበር።

ወደ ሞጆ ልመለስ። ጊዜ ሲሄድ ባለ ቀለም ፊልም መጣ፤ ሰው ፊልሙን አዲስ አበባና አዳማ እየወሰደ በመኪና ያሳጥብ ጀመር። ቀጥሎም ፊልም የማያስፈልገው ካሜራ መጣ። የመጀመሪያውን እንደዚህ ያለ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነበረ፤ ኮዳክ ራሱ ግን በፊልም ንግዱ ላይ ተደግፎ ስለ ቆየ እ.ኤ.አ. በ2012 ከስሬአለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ገባ። ዓለምን ያጠገበው ኩባንያ እንዲህ ከሆነ የሞጆው ፎቶ ቤት መዘጋቱ አያስደንቅም። ጋሽ ፎቶ በእርጅናቸው በሩን ዘግተው ሣጥኖቹን ወደ ቤታቸው ወሰዱ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተውም ዐረፉ።

ከቀብራቸው በኋላ ቤተሰቡ ቤቱን ሊያድስ ሲነሣ የሣጥኖቹ ነገር ጥያቄ ሆነ። አንዱ «ይቃጠል» አለ፤ አንዱም «የሚገዛ ካለ ይሸጥ» አለ። የልጅ ልጃቸው ግን መዝገቡን ገልጣ የማታውቃቸውን ስሞች ማንበብ ጀመረችና «እኔ አስቀምጠዋለሁ» አለች። እርስዋና ጥቂት ጓደኞችዋ ነጌቲቮቹን በስልካቸው ካሜራ እያነሡ ወደ ፎቶግራፍ ለወጧቸው። መዝገቡ በአይጥ ከተበላና በጎርፍ ከራሰ ጀምሮ ግን ስማቸው ያልተገኘላቸው ሰዎች ነበሩ። እኔም ጡረተኛ ነኝና በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ወደዚያ ቤት መጥራት ሥራዬ ሆነ። ቡና ይፈላል፤ ፎቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ «ይህ የባቡሩ ፉርጎ ሹም ነው» ይላል፤ ሌላዋ «አይደለም፤ ወንድሙ ነው፤ በጆሮው ዕወቀው» ትላለች። አንዲት የሰማንያ ዓመት አሮጊት ከሞግዚቶች አንዲቱን አይተው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እኔ ነኝ» አሉ።

ያልታወቁትን በአንድ ፖስታ ለብቻቸው አስቀምጠናቸዋል። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ በየእሑዱ ይቀንሳሉ። ነገር ግን የሚያውቋቸው ሰዎችም ይቀንሳሉ፤ አምና ከመጡት መካከል ዘንድሮ ያልመጡ አሉ። ሽማግሌ ሲሞት ከእርሱ ጋር የሚቀበሩትን ስሞች ማን ይቆጥራቸዋል?

አሁን እናንተን ልምከር። በእጃችሁ ባለው ስልክ በአንድ ቀን የምታነሡት ፎቶግራፍ ጋሽ ፎቶ በወር ካነሡት ይበልጣል። ብዛቱ ግን አያታልላችሁ። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅ ሁሉም አብሮ ይሄዳል፤ ቢቆይም ከሺህ ፎቶግራፍ መካከል ማን ማን እንደ ሆነ የልጅ ልጃችሁ አያውቅም። ስለዚህ ከብዙው ጥቂቱን ምረጡ፤ በወረቀት አሳትሙት፤ ስም ጻፉበት። ስትጽፉም በጀርባው ከዳር በኩል በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ እስክርቢቶ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃልና፤ ጠንክሮም ከተጫኑት ፊቱን ይጎዳል። ነጌቲቭ በቤታችሁ ካለ በጣታችሁ መካከሉን አትንኩ፤ ጠርዙን ያዙ። ሙቀትና እርጥበት እንዳያበላሸው በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ አኑሩት። የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ስም ጻፉ፤ ከዳር የቆመውን አትርሱ። ስሙ ሊጎዳው የሚችል ሰው ቢኖር ግን ወይም እንዳይታይ ከለመናችሁ አደራውን ጠብቁለት።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ጥቂት ወጣቶች ከየቤቱ አልበም አሮጌ ፎቶግራፎችን ከነታሪካቸው ሰብስበው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አውጥተዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለፈውን ዘመን ቅርስ ይጠብቃል። ነገር ግን የሞጆን፣ የቢሾፍቱን፣ የመቂን፣ የዝዋይን ሰዎች ስም ተቋም መጥቶ አይነግራችሁም። እርሱን የሚያውቁት በእናንተ ቤት ያሉት አያት ናቸው።

ስለዚህ ፎቶግራፉን ይዛችሁ ከአያታችሁ አጠገብ ተቀመጡ። «ይህ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «የማን ልጅ ነው፣ ምን ይሠራ ነበር፣ ይህንስ ለምን ተነሣ?» ብላችሁ ጨምሩ። አያታችሁ ሲናገሩ አታቋርጧቸው፤ ዝም ሲሉም ጠብቁ። ከዚያም እርሳሱን አንሡና የነገሯችሁን ስም ከነአባቱ ጻፉ። ነገ እንጽፈዋለን አትበሉ።